የወተት ላሞችና የጥጆች ቤት አሠራር

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ ዲቃላ የወተት ላም የሚያረቡ ገበሬዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚያወጧቸው ከፍተኛ ወጪዎች አንዱ የከብት ቤት ማሠሪያ ነው። ማኅበሩ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ገዝቶ ቤቱን ሲያቆም ዓላማው ውድ ከብቶቹን ከብርድ፣ ከዝናብ፣ ከአውሬና ከሌባ ማዳን ነው። ይሁን እንጂ በመስክ ሥራችን ደጋግመን እንደምናየው፣ ብዙ ወጪ በወጣበት ቤት ውስጥ ጥጆች ያስላሉ፤ ላሞች ያነክሳሉ፤ ጡታቸውም ያብጣል። በአንጻሩ ግማሽ ግድግዳ ብቻ ባለውና በሣር በተከደነ ዳስ ውስጥ የሚያድሩ ጥጆች ጤነኞች ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ።

ልዩነቱ የመጣው ከገንዘብ ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን ከአሠራሩ ነው። ቤት ሲባል ቶሎ በሐሳባችን የሚመጣው ለሰው የሚሆነው ዝግና ሞቃት ቤት ነው። ሰው ግን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በደረቅ መደብ ላይ ያድራል። ላም የምትበላውም፣ የምትተኛውም፣ እበቷን የምትጥለውም፣ የምትሸናውም በአንድ ጣራ ሥር ነው። ስለሆነም ለሰው የተመቸ ቤት ለከብት ላይመች ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የከብት ቤት እርጥበትን፣ ሽውታንና የተበከለ አየርን የሚከላከል እንጂ ንጹሕ አየርን የሚዘጋ መሆን እንደሌለበት ማስረዳት ነው። በተጨማሪም አዲስ ቤት ለሚሠሩም ሆነ ያላቸውን ቤት ለማሻሻል ለሚፈልጉ ማኅበራት የሚጠቅሙ ልኮችንና ቀላል የመመርመሪያ ዘዴዎችን እናቀርባለን።

1. የእንስሳት ደኅንነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ስለ ከብት ቤትና ስለ እንስሳት ደኅንነት ሰፊ ክርክር የተነሣው በእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሩት ሀሪሰን የተባለች ጸሐፊ በጠባብ ቤት ተዘግተው ስለሚረቡ እንስሳት መጽሐፍ ካወጣች በኋላ፣ መንግሥት በፕሮፌሰር ብራምቤል የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ሪፖርት ማንኛውም የቤት እንስሳ ቢያንስ ለመነሣት፣ ለመተኛት፣ ለመዞር፣ ገላውን ለማጽዳትና እግሩን ለመዘርጋት የሚያስችል ቦታ ሊኖረው እንደሚገባ ገለጸ። ይኸው አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1979 ተስፋፍቶ እንስሳው ከረኃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ እንዲሆን፣ እንዲሁም የተፈጥሮ ጠባዩን ለማሳየት እንዲችል የሚጠይቁ አምስት ነጥቦች ተዘረዘሩ።

እነዚህ ነጥቦች ለሀብታም አገሮች ብቻ የተጻፉ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን አይደሉም። ከአምስቱ ውስጥ አብዛኞቹ በቤቱ አሠራር የሚወሰኑ ናቸው። ላሟ በልኳ የማትተኛበት ቤት ወተቷን ይቀንሳል፤ ጥጃው ንጹሕ አየር የማያገኝበት ቤት የማኅበሩን የነገ ላም ይገድላል። የከብቱ ደኅንነትና የአርቢው ጥቅም እዚህ ላይ የተለያዩ አይደሉም።

2. ከብርድ ይልቅ እርጥበት ይጎዳል

ላም በሆዷ ውስጥ መኖ በሚብላላበት ጊዜ ብዙ ሙቀት ታመነጫለች። ስለዚህ በደንብ የተመገበችና ፀጉሯ ደረቅ የሆነ ላም የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጠጋ እንኳ እምብዛም አትጎዳም። በአንጻሩ የፈረንጅ ደም ያላት የወተት ላም የአየሩ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ መኖ መብላት ትቀንሳለች፤ ወተቷም ይቀንሳል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ተዘግታ የዋለች ላም በደጋ እንኳ በቀትር ሙቀት ልትጨነቅ ትችላለች።

አዲስ የተወለደ ጥጃ ግን የተለየ ነው። ሆዱ ገና መኖ ስለማያብላላ ሙቀት የሚያገኘው ከወተቱ ብቻ ነው። አየሩ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ከሚጠጣው ወተት ከፊሉን ገላውን ለማሞቅ ያውለዋል፤ የዕድገቱ ድርሻም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጥጃው እርጥብ መሬት ላይ ከተኛ ወይም ሽውታ ካገኘው፣ ቅዝቃዜው ያን ያህል ሳይበረታም ይጎዳል።

ብዙ አርቢዎች ለዚህ የሚሰጡት መፍትሔ በርና መስኮት መዝጋት ነው። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ይሆናል። አንድ ትልቅ ላም በቀን 10 ሊትር ያህል ውኃ በትንፋሽና በላብ ወደ አየር ታወጣለች። አሥር ላሞች ባሉበት ቤት ይህ 100 ሊትር፣ ማለትም የበርሜል ግማሽ ውኃ ነው። ሽንትና እበት ሲጨመርበት መጠኑ ከዚህም በላይ ይሆናል። መውጫ ያጣው እንፋሎት ሌሊት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ወደ ውኃነት ተለውጦ በከብቶቹ ላይ ይንጠባጠባል። ስለሆነም በብርድ ፍራቻ የተዘጋ ቤት ከብቶቹን በእርጥበት ያበርዳቸዋል።

3. አየር የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ

እበትና ሽንት ሲበሰብሱ አሞንያ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ዓይንን የሚያቃጥለውና አፍንጫን የሚሰነፍጠው ይህ ነው። ጋዙ በብዛት የሚገኘው ከሚመነጭበት ከወለሉ አጠገብ ሲሆን፣ የተኛ ጥጃ አፍንጫም እዚያው ወለሉ አጠገብ ነው። አሞንያ በአየር ቧንቧ ውስጥ ቆሻሻን የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያዳክማል። ከዚያ በኋላ የሳንባ ምች የሚያመጡ ሕዋሳት በቀላሉ ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። ቆሞ የሚሠራ ሰው የማይሰማውን ጉዳት የተኛው ጥጃ የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል። በመሆኑም ለቤቱ በጎን መግቢያ፣ በጣራው አናት ደግሞ መውጫ ማበጀት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚከተለው አሠራር ይመከራል።

ሀ. ግድግዳው ከወለሉ እስከ 1.2 ሜትር ድረስ ድፍን ይሁን። ይህም የተኛውን ከብት ከሽውታ ይጠብቀዋል።

ለ. ከ1.2 ሜትር በላይ እስከ ክፈፉ ድረስ ያለው ክፍት ይሁን። ጅብና ሌባ ለሚያሰጋበት አካባቢ ክፍቱን በአጠና ወይም በቀርከሃ መዝጋት ይቻላል። በእንጨቶቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከተተወ አየር ይገባል፤ አውሬ ግን አይገባም።

ሐ. ኃይለኛ ንፋስ በሚመጣበት በኩል ክፍቱን በከፊል በጆንያ፣ በሰሌን ወይም በሸምበቆ መጋረድ ይቻላል። መጋረጃው ቀን ቀን የሚነሣ መሆን አለበት።

መ. በጣራው አናት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍተት ይተው። የክፍተቱ ስፋት በቤቱ ወርድ ይወሰናል፤ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ወርድ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ወርዱ 6 ሜትር ለሆነ ቤት ክፍተቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዝናብ እንዳይገባ ከክፍተቱ በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ ቆብ ይደረግለታል።

ሠ. ክፈፉ ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይገርፍ ከግድግዳው ወጣ ያለ ይሁን። የጣራው ዝቅተኛ ጎን ከወለሉ ቢያንስ 2.5 ሜትር ከፍታ ይኑረው።

የሣር ክዳን ባለበት አካባቢ በቆርቆሮ ለመተካት መቸኮል አያስፈልግም። ሣር ቀን ሙቀትን፣ ሌሊት ቅዝቃዜን ያበርዳል፤ እንፋሎትም አይንጠባጠብበትም። ጉድለቱ ቶሎ ማርጀቱና እሳት መፍራቱ ነው።

4. ላሟ የምትተኛበት ቦታ

ምቹ መኝታ ያገኘች ላም በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ያህል ትተኛለች። ስትተኛ ታመሰኳለች፤ እግሯም ያርፋል፤ ወደ ጡቷ የሚሄደው ደምም ይጨምራል። ወለሉ የሚቆረቁር፣ እርጥብ ወይም ጠባብ ከሆነ ግን ቆማ ታድራለች። ለረጅም ጊዜ በእርጥብ እበት ላይ የቆመ ሰኮና ይለሰልሳል፤ ከዚያም ይቆስላል። ማንከስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በእበት ላይ የምትተኛ ላም ደግሞ የጡቷ ቀዳዳ ለቆሻሻ ስለሚጋለጥ የጡት በሽታ ይይዛታል።

የላምን አነሣሥ በጥንቃቄ ማየት ስለ ልኩ ብዙ ያስተምራል። ላም ስትነሣ በመጀመሪያ በፊት ጉልበቷ ተደግፋ ራሷን ወደ ፊት ትወረውራለች፤ በዚህም የኋላዋ ይነሣል። ስለዚህ ከፊቷ ራሷን የምትወረውርበት ቦታ ያስፈልጋታል። ግድግዳው ወይም የግርግሙ ከፍታ ይህን ከከለከላት እንደ ፈረስ በፊት እግሯ ለመነሣት ትታገላለች፤ ወይም መተኛትን ትተዋለች። እንደ ፈረስ የምትነሣ ላም ካየን ጥፋቱ የቤቱ እንጂ የላሟ አይደለም።

ለመካከለኛ ዲቃላ ላም፣ ማለትም 400 ኪሎ ግራም ያህል ለምትመዝን፣ በገመድ ለሚታሰርበት ቤት የሚከተለው ልክ ያገለግላል።

የመቆሚያው ርዝመት ከግርግሙ ጠርዝ እስከ ቦዩ፦ ከ1.6 እስከ 1.7 ሜትር፤
የመቆሚያው ወርድ ለአንድ ላም፦ ከ1.1 እስከ 1.2 ሜትር፤
የወለሉ ዘቅዛቃነት ወደ ቦዩ፦ በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር፤
የቦዩ ወርድ፦ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አካፋ በቀላሉ የሚገባበት፤
የቦዩ ጥልቀት፦ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር።

መቆሚያው ከዚህ ከረዘመ እበቱ በመኝታው ላይ ይወድቃል፤ ካጠረ ደግሞ የላሟ የኋላ እግር ቦዩ ውስጥ ይውላል። ላሞቹ በግዝፈት የሚለያዩ ከሆነ አንዱን ረድፍ ለትልልቆቹ፣ ሌላውን ለትንንሾቹ መሥራት ይበጃል።

አርማታ ለማጽዳት ይመቻል፤ ነገር ግን መኝታ አይደለም። በአርማታው ላይ ገለባ፣ ጭድ፣ ደረቅ ሣር ወይም ሰጋቱራ መጎዝጎዝ ያስፈልጋል። ጭዱ ለመኖ የሚፈለግ በሚሆንበት ጊዜ ከብቱ ከግርግም ያስተረፈውን ደረቅ ድርቆሽ ለጉዝጓዝ ማዋል ይቻላል። አርማታው ሲሠራ ገጽታው በጣም ከለሰለሰ ላሟ ትንሸራተታለች፤ በጣም ከሻከረ ሰኮናዋን ይፍቃል። ገና ሳይደርቅ በመጥረጊያ መጫር ተስማሚ ገጽታ ይሰጠዋል። ሲሚንቶ መግዛት ያልቻለ ማኅበር በሚገባ የተጠቀጠቀ የጠጠርና የቀይ አፈር ወለል ሊጠቀም ይችላል፤ ይሁን እንጂ የሚጎደጉደውን ቦታ በየጊዜው መሙላት አለበት።

5. የጥጆች ቤት

ጥጃን ከላሞች ጋር በአንድ አየር ውስጥ ማሳደር አይመከርም። ትልልቆቹ ከብቶች ሳይታመሙ የሚሸከሟቸው በሽታዎች ለጥጃ አደገኞች ናቸው። በብዙ ቦታ እንደሚደረገው ጥጃን ጭስ ባለበት መኖሪያ ቤት ውስጥ ማሰርም ሳንባውን ይጎዳል፤ የቤተሰቡንም ጤና ይጎዳል።

ለጥጃ ቤት አራት ነገሮች ይበቃሉ። እነርሱም ደረቅ ወለል፣ ወፍራም ጉዝጓዝ፣ በጎን ከሽውታ የሚከልል ድፍን ግድግዳና ከላይ ነጻ አየር ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለእያንዳንዱ ጥጃ 1.5 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ወርድ ያለው ጋጣ ይሠራለታል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ቢሆን ሽንቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ነገር ግን ከሥር ሽውታ እንዳይገባ በላዩ ላይ ገለባ ይጎዝጎዝ። የጉዝጓዙ መጠን የሚታወቀው ጥጃው ሲተኛ ነው፤ እግሮቹ በገለባው ውስጥ ከተሸፈኑ በቂ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከታዩ ይጨመርበት።

ጥጃ በተፈጥሮው የመንጋ እንስሳ ስለሆነ ለብቻው ተዘግቶ ማደግ የለበትም። በጋጣዎቹ ፊት ለፊት ጥጆቹ የሚተያዩበት ክፍተት ይተውላቸው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ8 ሳምንት በላይ የሆነውን ጥጃ ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ለብቻው ማቆየት በሕግ የተከለከለ ነው። እኛም ጤነኞቹን ጥጆች ከ8 ሳምንት በኋላ በዕድሜ እኩያ ለእኩያ ማሳደር እንዲለመድ እንመክራለን። በዚህ ጊዜ ለእያንዳንዱ ጥጃ ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር ቦታ ያስፈልገዋል።

አንድ ጥጃ ከጋጣው ሲወጣ ጉዝጓዙ በሙሉ ተጠርጎ፣ ጋጣው ታጥቦና በፀሐይ ደርቆ ሌላ ጥጃ ሊገባበት ይገባል። ተነቃቃይ ጋጣ ከሆነ ቦታውን መለወጥ ይበልጥ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጥሩ ቤት እንገርን አይተካም። ጥጃው በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል እንገር ካልጠጣ በሽታን የሚከላከልበት ኃይል አይኖረውም። 30 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ጥጃ ይህ 3 ሊትር ያህል ነው።

6. ገመድ፣ ውኃና መፈታት

ላም የምትታሰርበት ገመድ በምቾት እንድትተኛና ጎኗን እንድትልስ የሚያስችላት ርዝመት ይኑረው። ዓመቱን ሙሉ ሳትፈታ የምትውል ላም ሰኮናዋ ያለ ልክ ያድጋል፤ መገጣጠሚያዋም ይደርቃል። ከዚህም በላይ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። ሰው ሠራሽ የማዳቀል አገልግሎት ለሚጠቀም ማኅበር አንድ ጊዜ ያመለጠ ወቅት 21 ቀን ያህል መጠበቅን ያስከትላል። ስለዚህ ከቤቱ ጎን ደረቅና የታጠረ ደጅ ተዘጋጅቶ ላሞቹ በየቀኑ ቢያንስ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ይፈቱ፤ ኮርማ መፈለጓን የሚከታተል ሰውም ይመደብ።

ላም ለ1 ሊትር ወተት ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ያስፈልጋታል። ውኃ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከወንዝ የምትጠጣ ላም ከመኖዋ ተገቢውን ወተት አትሰጥም። በመሆኑም በቤቱ ወይም በደጁ የውኃ ገንዳ መኖሩ ከቤቱ ፕላን የማይለይ ጉዳይ ነው። ገንዳው የሚፈሰው ውኃ ወደ መኝታው በማይመጣበት ቦታ ይቀመጥ።

7. ቦታና አቅጣጫ

ቤቱ ውኃ በማይተኛበትና በመጠኑ ዘቅዛቃ በሆነ ቦታ ይሠራ። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚመልስ ቦይ በዙሪያው ይቆፈር። የእበት ማከማቻው ከቤቱ በታችና ንፋሱ ወደ ቤቱ በማይነፍስበት በኩል ይሁን፤ ከውኃ ጉድጓድም ይራቅ።

በቀዝቃዛ ደጋ የቤቱ ርዝመት ከሰሜን ወደ ደቡብ ቢሆን የጠዋትና የማታ ፀሐይ በሁለቱም ጎን ገብታ ወለሉን ታደርቃለች። በቆላ ግን ዋናው ጉዳይ ጥላ ስለሆነ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፤ ግድግዳውም ይበልጥ ይከፈት።

8. ያለን ቤት ማሻሻል

ማኅበሩ ቤቱን አስቀድሞ ዘግቶ ሠርቶት ከሆነ ማፍረስ አያስፈልገውም። አብዛኛው ማሻሻያ በትርፍ ጉልበት የሚሠራ ነው። በመጀመሪያ የግድግዳው የላይኛው ክፍል በሁለቱም ረጅም ጎኖች ይከፈት። ቀጥሎ የጣራው አናት ቆርቆሮ ተነሥቶ ክፍተት ይበጅለት። በሦስተኛ ደረጃ የተደፈነው ቦይ ይጠረግ፤ የወለሉ ጉድጓድ ይሞላ። በመጨረሻም ጥጆቹ ከላሞቹ ተለይተው ወደ ሌላ መጠለያ ይዛወሩ። ሥራው ከክረምት በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የእርጥበት ጉዳት የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

አዲስ ቤት ለሚሠራ ማኅበር ደግሞ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ልኩ በመሬት ላይ በገመድና በችካል ተለይቶ አንዲት ላም በውስጡ ብትቆምና ብትተኛ ስሕተቱ ሲሚንቶ ሳይፈስበት ይታወቃል።

9. የልማት ሠራተኛው የሚያደርገው ምርመራ

ምርመራው ማለዳ፣ በሩ ከመከፈቱና እበቱ ከመጠረጉ በፊት ቢደረግ እውነተኛውን ሁኔታ ያሳያል።

ሀ. የአፍንጫ ምርመራ። በተኛ ጥጃ ከፍታ ቁጢጥ ብሎ ጥቂት ደቂቃ መቆየት። ዓይን ካቃጠለ ወይም አፍንጫ ከሰነፈጠ አየሩ ተበክሏል።

ለ. የጉልበት ምርመራ። በመኝታው ላይ ለግማሽ ደቂቃ ተንበርክኮ መነሣት። ልብስ ከራሰ ጉዝጓዙ መለወጥ አለበት።

ሐ. የጣራ ምርመራ። ቆርቆሮው ላይ የውኃ ጠብታ፣ ማገሩ ላይ ሻጋታ፣ ማዕዘኑ ላይ የተከማቸ የሸረሪት ድር መኖሩን ማየት። እነዚህ አየር አለመዘዋወሩን ያመለክታሉ።

መ. የጭስ ምርመራ። ከብቶቹ ደጅ ሳሉና ጉዝጓዙ ከተነሣ በኋላ እርጥብ ሣር በገል ላይ አጭሶ ጭሱን መከታተል። በጣራው አናት በቶሎ ካልወጣ መውጫው አልበቃም። እሳቱን ሳያጠፉ መሄድ አይገባም።

ሠ. የላም ምርመራ። ስንት ላሞች እንደ ተኙ፣ ስንቶቹ እንደ ቆሙ መቁጠር፤ አነሣሣቸውን መመልከት፤ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው መላላጡን፣ ጡታቸውና ጭናቸው በእበት መቆሸሹን መመርመር።

ረ. የመዝገብ ምርመራ። የሞቱና ያሳሉ ጥጆች፣ ጡታቸው ያበጠና ያነከሱ ላሞች በወር በወር ይመዝገቡ። ማኅበሩ ቤቱን ካሻሻለ በኋላ ለውጡን የሚያየው በዚህ መዝገብ ነው።

ማጠቃለያ

የከብት ቤት መልካምነት በግድግዳው ውበትም ሆነ በወጣበት ገንዘብ አይለካም። ላሞቹ ደረቅ ቦታ ላይ ተኝተው ሲያመሰኩ፣ ጥጆቹ ሳያስሉ ሲያድጉ ቤቱ ተግባሩን ፈጽሟል። የልማት ሠራተኞች ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ የማኅበሩን አባላት በማለዳ ወደ ቤቱ ይዘው ገብተው በጥጃ ከፍታ ቁጢጥ እንዲሉ ቢያደርጓቸው ይበልጥ ይረዱታል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ከየት መከፈት እንዳለበት አባላቱ ራሳቸው ይወስናሉ።